«ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» እና «ጤዛ» ከጎጃም ደጋ ሲታዩ

የሲኒማ ትርኢት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ትርኢቱ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም። ስሙን ያወጣው ሰው በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥላ የባዕድ ጥላ መኾኑን አይቶ ይኾናል እንጂ፥ አንድ ቀን የገዛ አባቱ ሞፈርና ቀንበር በዚያው ግድግዳ ላይ ይታያል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ሞፈርና ቀንበሩ ግን ታየ፤ ከታየም በኋላ ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ በታላላቅ ጉባኤዎች ፊት ቆመ። ዛሬ ልናገርላቸው የተነሣሁት እነዚያን ኹለት ፊልሞች ነው።

የኹለቱም ደራሲና አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ የታሪክና የተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት በሚማርበት ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት»ን አነሣ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፥ ኹለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው፤ በ1968 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎካርኖ ጉባኤ ተሸለመ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ባርነት የሚናገረው «ሳንኮፋ» በበርሊን ለወርቅ ድብ ከታጩት ጋራ ተወዳደረ። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ በቬኒስ ለወርቅ አንበሳ ቀርቦ፥ አንበሳውን ባያገኝም የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ይዞ ተመለሰ፤ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የአፍሪካ የፊልም ጉባኤ ታላቁን የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ ተቀበለ። አሜሪካኖች ለሚሰጡት ለኦስካር አገራችን መጀመሪያ ያቀረበችው ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን ነበር፤ እርሱም ለዕጩነት አልበቃም። ስለ «ሳንኮፋ» ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ነገሩ የአገራችን ደጋ አይደለምና።

«ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት»ን መጀመሪያ ያየሁት በደብረ ማርቆስ፥ በክረምት ማታ፥ ከአንድ አዛውንት ዘመዴ ጋራ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው በአንድ ባለ ርስት መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ቤተ ሰብን ነው። ባለ መሬቱ ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይሳደባል፤ ገበሬው፥ ሚስቱና ልጆቹ ደግሞ ያርሳሉ፥ ይጠብቃሉ፥ ይሸከማሉ። አዛውንቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው ርስት የለውም ወይ? አባቱ ከወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጭሰኛ መኾኑን ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም፤ «ታዲያ ለምን አይሄድም?» አሉ።

ጥያቄው ከአላዋቂነት የመጣ አይደለም። በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ባለ ርስት ነበረ፤ መሬቱን ከአያት ቅድመ አያቱ ቈጥሮ፥ ከዘመዶቹ ጋራ ተሟግቶ የሚይዝ ነበረ። ምርቱን በሲሶም ኾነ በእኩሌታ ለባለ መሬት የሚያካፍለው ጭሰኛ ይበልጡን የሚገኘው በደቡብ ነበር። የጎጃም ሰው የሚፈራው ባለ መሬቱን ሳይኾን መሬት የሚለካውን ቃላድና ግብር የሚጨምረውን ሹም ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በሞጣ፥ በብቸና፥ በደጋ ዳሞት የተነሣው ሽፍትነት ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው፤ መንግሥት ጦር አዝምቶበት፥ አውሮፕላንም ልኮበት፥ በመጨረሻው አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሥተዋል። እንግዲህ ይህን ታሪክ በጆሮው የሰማ ሰው፥ «ሦስት ሺሕ ዓመት» የሚል ፊልም ሲያይ፥ የማንን ሦስት ሺሕ ዓመት ነው የምትነግረኝ ቢል ሊፈረድበት አይገባም። እኔም በዚያች ማታ ከአዛውንቱ ጋራ ተስማማሁ፤ ፊልሙ የአንዱን አገር ሕመም ለኹሉ አገር አልብሶታል ብዬ ፈረድሁ።

ለዚህም ፍርዴ ምስክር አድርጌ የቈጠርሁት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ፥ ፊታውራሪ መሸሻ ያልተለመደ ግብር ቢጠይቁ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ይማርኳቸዋል። ነገሩ የጋራ ነው፤ ሽማግሌ ይመክርበታል፥ ጐረቤት ይሰለፍበታል። በኃይሌ ገሪማ ፊልም ግን ባለ መሬቱን የሚገድለው ብቻውን የሚኖር ከበበ የሚሉት ሰው ነው። ከበበ ለአገሩ ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን ያጣ፥ በድልድይ ሥር የሚያድር፥ ሰው እንደ ዕብድ የሚቈጥረው ነው። በዱላው ባለ መሬቱን ሲጥል ከበስተ ኋላው የቆመ መንደር የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊልሙን እንደ ገና ባየሁት ጊዜ ግን ፍርዴ አልጸናም። ምክንያቱን ልናገር። የርስቱን ሕግ ትቼ የሰውን አካል መመልከት ያዝሁ። ገበሬው ከባለ መሬቱ ፊት ሲደርስ ትከሻው ይወድቃል፤ ነጠላው ይወርዳል፤ ዐይኑ ምድር ምድሩን ያያል። ያን አቋም ለማወቅ ጭሰኛ መኾን አያስፈልግም። ባለ ርስቱም የጎጃም ገበሬ በጭቃ ሹም፥ በምስለኔና በዳኛ ፊት እንደዚያው ቆሞ ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ ቢሮ ደጃፍ ባርኔጣውን በኹለት እጁ ይዞ የሚቆም ሰው አይቻለሁ። ኃይሌ ገሪማ ካሜራውን አርቆ ተክሎ፥ ሰዎቹ ከሜዳው ጫፍ እስኪደርሱ ድረስ ሳይቸኩል መጠበቁ፥ መጀመሪያ ያሰለቸኝ ነገር፥ ኋላ ግን ዋናው ጥበቡ ኾኖ ተገኘ። ድካም በአጭር ሥዕል አይታይም። ትንሿ ልጅ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲያርሱ የምታይበት ክፍልም ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ይናገራል።

ይህችው ልጅ ከብት ስትጠብቅ ጎርፍ ላም ይወስድባታል፤ ላሟን አድናለሁ ስትል ራሷ ትሰጥማለች። በጨሞጋ ዳር ያደገ ሰው ይህን ክፍል በደረቅ ዐይን አያየውም። ከብት ጠባቂ ልጅ ወንዙን የምትፈራውን ያህል፥ ይልቁንም ከዚያ አብልጣ፥ ላም ጠፍታባት ወደ ቤት መመለስን ትፈራለች። ደራሲው ይህን ፍርሃት ዐውቆታል፤ እኔ እስከ ዛሬ በሌላ ፊልም አላገኘሁትም።

«ጤዛ» የተሠራው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው፤ ቀለም አለው፥ ገንዘብም ታይቶበታል፥ ታሪኩም ሰፊ ነው። አንበርብር በጀርመን ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ዘመኑ የደርግ ማለቂያ ነው፤ አንድ እግሩን አጥቶ፥ ሌሊት በቅዠት እየተነሣ፥ በጣና አካባቢ ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ትዝታው ወደ ኋላ ሲወስደው በጀርመን ከተሰበሰቡ ተማሪዎች ክርክር፥ ከአዲስ አበባው ሽብር፥ ወዳጁ ተስፋዬ ከተገደለበት ቀን፥ በጀርመን በጥቁርነቱ ከተመታበት ሌሊት ያደርሰዋል። እናቲቱ ልጅዋ ምን እንደ ደረሰበት አታውቅም፤ ልትጠይቀውም ትፈራለች። የእናቲቱ ዝምታ በዚህ ፊልም ውስጥ ከኹሉ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ነገር ግን ፊልሙ ኹሉን በአንድ ጊዜ ሊናገር ይፈልጋል። የተማሪዎቹ ንግግር ከጽሑፍ የተነበበ የሚመስልበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ተመልካቹ አንዱን ሐዘን ሳይጨርስ ሌላ ሐዘን ይቀርብለታል። የቬኒስ ዳኞች ድርሰቱን መሸለማቸው ለእኔ ጥቂት አስገርሞኛል፤ የ«ጤዛ» ኃይል ከድርሰቱ ይልቅ በፊቶቹ ላይ ነው ያለው። ከመንደሩ በተገለለችው በአዛኑና በአንበርብር መካከል ጥቂት ቃል ብቻ በሚነገርበት ቦታ ኹሉ ፊልሙ ከፍ ይላል።

ኹለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በፊተኛው ፊልም እውነቱን የሚያየው ዕብድ የተባለው ከበበ ነው፤ የተማረ ሰው በመካከሉ የለም። በኋለኛው ደግሞ የተማረው ራሱ ተመልሶ መጥቶ፥ መንደሩ እንደ ታመመ ሰው ያየዋል። በ1966 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ሲሉ የነበሩት ስለ ከበበ ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ፤ አንበርብር ግን በመጨረሻው እግሩን አጥቶ ከከበበ ጎን ተቀመጠ። ደራሲው ይህን አስቦ ይሥራው ሳያስበው ይምጣለት አላውቅም፤ ያም ኾነ ይህ «ጤዛ»ን ብቻውን ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየ። ምረጥ ብባል የምመርጠው ፊተኛውን ነው። ገበሬው በ«ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» የነገሩ ባለቤት ሲኾን፥ በ«ጤዛ» ብዙ ጊዜ የአንበርብር ሐዘን አጃቢ ኾኗል።

አንድ ክፍል ግን ከዚህ ፍርዴ ውጭ ነው። ወታደሮች ለውትድርና ልጅ ሊያፍሱ ወደ መንደሩ ሲመጡ፥ ወጣቶቹ ሸሽተው በዋሻ ይደበቃሉ። በእኛም አገር በዚያን ዘመን ልጅን በጎታ የሸሸገች፥ በገደል ውስጥ እንጀራ የምታቀብል እናት ብዙ ነበረች። «ጤዛ»ንም ከእኒያው አዛውንት ጋራ ነው ያየሁት። የጀርመኑን ታሪክ በትዕግሥት ተመለከቱ፤ ዋሻው በታየ ጊዜ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፥ ምርኵዛቸውን አንሥተው ወደ ደጅ ወጡ። ፊልሙ እስኪያልቅ አልተመለሱም። ወጥቼ ባገኘኋቸው ጊዜ በአጥሩ ሥር ቆመው ነበር፤ የጠየቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቹ ተያዙ?»