ምስጢርና ሙከራ፦ የታዳጊዎች ምናባዊ ጀብዱ ከዘንገና ሲታይ

ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ዘንገና ሐይቅን ያገኛል። ሐይቁ ከሞላ ጎደል ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር እንደሚደርስ ይጠቀሳል። እንዲህ ያሉ ሐይቆች የፍንዳታ ልጆች ናቸው። የቀለጠ ዐለት ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ሲገፋ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይገናኛል፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ይበረግደዋል፤ የተከፈተው ጉድጓድ ቆይቶ ውሃ ይሞላል። ለታዳጊ አንባቢ ለሚጽፍ ደራሲ ይህ ቦታ መቼትም ትልምም ሊሆን ይችላል። ምን እንደተፈጠረ ያስጠይቃል፤ መልሱንም አንድ ልጅ በገመድ፣ በድንጋይና በትዕግሥት ፍለጋ ሊጀምረው ይችላል።

ከዘንገና መነሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፊው የተነበቡት የአማርኛ ምናባዊ ጀብዱዎች ከሙከራ ይልቅ ምስጢርን ይወዳሉ። ይህም በታዳጊ አንባቢያቸው ላይ ያጎደለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ሌላው፣ የሙከራው መንገድ ደግሞ በአማርኛ ከተገኘ ቆይቷል፤ ሥሩም ዘንገና ካለበት ከአገው ምድር ብዙ አይርቅም።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ የዓባይን ምንጭና በዙሪያው የሚኖሩትን አገዎች ገልጾ ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የሎቦን የጉዞ ዘገባ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1735 ታተመ። በ1759 ያወጣው «ራሴላስ» የዚያ ንባብ ፍሬ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ደግሞ መጽሐፉን በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አማርኛ መለሰው። አገው ምድርን ካየ ሰው ብዕር ተነስቶ ለንደን የደረሰው ምናብ እንዲህ ዞሮ ወደ አገሩ ገባ።

«ራሴላስ»ን የሚያጠኑት ብዙውን ጊዜ እንደ ፍልስፍናዊ ተረክ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ስለ መብረር የሚያወራው ስድስተኛው ምዕራፍ ነው። ልዑሉ ራሴላስ በተራሮች በታጠረ፣ መካከሉ ላይ ሐይቅ ባለበት ሸለቆ ውስጥ ምቾት ሰልችቶት ይኖራል። አንድ የእጅ ባለሙያ ሰው መብረር እንደሚችል ይነግረዋል፤ መዋኘትና መብረር በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚቀዘፈው ነገር ክብደትና ቅጥነት ነው ብሎም ይከራከራል። የክንፉን ቅርጽ ከሌሊት ወፍ ይወስዳል። ሥራው አንድ ዓመት ይፈጃል። ዘዴው ለሌላ እንዳይነገርም ልዑሉን ቃል ያስገባል፤ ክፉዎች በሰማይ መጥተው ቢወርሩ ግንብም ተራራም አያድንምና። በቀጠሮው ጠዋት ክንፉን አራግቦ ይዘላል፤ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልረዱት ክንፎች ግን ውሃው ላይ ያንሳፍፉታል፤ ልዑሉም በድንጋጤና በብስጭት የሞት ያህል የደከመውን ሰው ወደ ዳር ይጎትተዋል።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጠይቀው ሁሉ በዚህች አጭር ምዕራፍ ውስጥ አለ። መላምት አለ፤ ከተፈጥሮ የተቀዳ አርአያ አለ፤ ፈጠራው በማን እጅ ይግባ የሚል የሥነ ምግባር ጭንቀት አለ። ከሁሉ የሚልቀው ግን አወዳደቁ ነው። ክንፉ አላበረረም፤ ነገር ግን ሰውየውን ያዳነው ያው ክንፍ ነው፤ ስለ ውሃና ስለ አየር ያነሳው ክርክርም ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ኋላም ልዑሉና ባለቅኔው ወዳጁ ሽኮኮዎች ከዝናብ ሸሽተው ወደ ላይ አግድመው የቆፈሩትን ጉድጓድ ያያሉ፤ በዚያው ስልት ተራራውን ቦርቡረው ያመልጣሉ፤ እህቱም አብራ ትወጣለች። መጽሐፉ በሙሉው ለታዳጊ ይከብዳል፤ ከጀብዱው ምክክሩ ይበዛል። ቢሆንም እነዚህ ምዕራፎች ብቻቸውን ተመርጠው፣ ቋንቋቸው ቀልሎ ለልጆች ቢቀርቡ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ምስጢርን ከሚወዱት መካከል በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በወጣቱ ዘንድ ያገኘው ፍቅር የሚገባው ነው። በናሳ የሠራን ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችንና የጣናን ገዳማት በአንድ ሴራ ማስተሳሰር ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን በልብ ወለዱ ውስጥ ዕውቀት ባለቤትና ጠባቂ ያለው ሀብት ነው። ታሪኩን ወደ ፊት የሚገፋው ማን ደበቀው፣ ማን አገኘው የሚለው ነው፤ እንዴት ተሠራ የሚለው ከጀርባ ይቀራል። አንባቢው ኩራትን ይዞ ይወጣል፤ ሊሞክረው የሚችል ነገር ግን አይሰጠውም። በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ በሠራው ጥናት የሚታወቀው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዓለማየሁ ዋሴም በ«እመጓ» ወደ ብራናና ወደ ገዳም ምስጢር አዘንብሏል። ደን የሚያጠና ሰው የደን ጥናትን ራሱን ጀብዱ አድርጎ ለልጆች ቢጽፍልን ምን ዓይነት መጽሐፍ ይወጣው ነበር! በሁለቱም ሥራዎች ታሪኩን የተሸከሙት የተማሩ አዋቂዎች ናቸው፤ የ12 ዓመት አንባቢ ተመልካች ሆኖ ይከተላቸዋል።

የበስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ በ«ጀምበር»ና በ«ሐዊ» የጀግኖቹን ዕድሜ ወደ አንባቢው አቅርቦታል። ልዕለ ጀግናው ጀምበር ሥራ ፈላጊ ወጣት ነው። ኃይሉ ግን የመጣለት እንጂ የሠራው አይደለም። ወደ ሙከራ የሚቀርቡት ይልቅ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለትውልድ የተረኳቸው ዓይነት ተረቶች ናቸው፤ በእነሱ ደካማው እንስሳ ብርቱውን የሚረታው ዘዴ ፈጥሮ ነው።

እንግዲህ ለዘንገና የሚጻፈውን መጽሐፍ ላስብ። ዘንገና ባለበት በአዊ ዞን ልጅ ከፈረስ ጋር ያድጋል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 የሚያከብረውን በዓል ያያል። ስለዚህ ፈረስ ጋላቢ እህትና ወንድም ዋና ገጸ ባሕርያት ይሁኑ፤ የሐይቁን ጥልቀት መለካት ይፈልጉ። ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ከታንኳ ላይ ይለቁታል። ነፋሱ ታንኳውን ይገፋዋል፤ ገመዱ ይዘማል፤ ልኬቱ ከእውነተኛው ጥልቀት በላይ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን የተገኘው ቁጥር ከመጀመሪያው ስለማይገጥም ይጣላሉ። ምናቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ገመዱ ሲወጣ ጫፉ ሞቆ ይገኛል። ደራሲው ከዚህ በኋላ ጭራቅም ይጨምር ሌላ ዓለም፣ የሙቀቱን ሕግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ልጆቹም በዚያ ሕግ ተመርተው መሳሳትና ማረም መቻል አለባቸው። በዞኑ አዊኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ስለሆነ፣ ኤታን አማርኛንና እንግሊዝኛን እንደተጠቀመው ሁሉ ይህም መጽሐፍ በአማርኛና በአዊኛ ይውጣ፤ እህትየው ለአያቷ ገመዱ ለምን እንደሞቀ የምታስረዳው በአዊኛ ነውና።