ለተመለሰ ጥያቄ 136 ጥናት

እስቲ አስቡት። የመጣችሁት ከላሊበላ ወጣ ብሎ ካለው ከነአኩቶ ለአብ አካባቢ ነው። ትርፍ አንጀት ነው ተብላችሁ ሪፈር ተጻፈላችሁ፤ ወልድያ ወይም ደሴ ደረሳችሁ፤ አሁን የኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ተኝታችኋል። የእጃችሁ ጀርባ ላይ ካኑላ ተሰክቷል። የማደንዘዣ ባለሙያው ወተት የመሰለ መድኃኒት በሲሪንጅ ይዞ ቀረበና «ትንሽ ያቃጥላል፣ አይዞን» አለ። ከዚያ ከእጅ ጀርባ ተነስቶ ወደ ክርን የሚወጣ እሳት። ከዚያ እንቅልፍ።

ያ ነጭ መድኃኒት ፕሮፖፎል ይባላል። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን፣ ስለዚያች የማቃጠል ቅጽበት ስለተጻፉት ጥናቶች ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ።

መጀመሪያ ግን ለምን ያቃጥላል? ፕሮፖፎል በውኃ በደንብ አይሟሟም። ስለዚህ በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ ተሟሙቶ፣ ከእንቁላል አስኳል በሚገኝ ሌሲቲን አማካይነት ደቃቅ የዘይት ጠብታ ሆኖ ውኃ ውስጥ ይበተናል። ወተት ነጭ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዘይቱ ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት። ከጠብታዎቹ ውጭ በውኃው ክፍል የሚቀረው ጥቂት ፕሮፖፎል የደም ስሩን ግድግዳ ሲነካ፣ ነርቮች ላይ ያለ «ትሪፕ ኤ1» የሚባል ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ይሄን ተቀባይ ታውቁታላችሁ፤ ሰናፍጭ ስትበሉ አፍንጫችሁን የሚሰነፍጣችሁ እሱ ነው። በደም ስር ውስጥ ሰናፍጭ፣ በሉት።

መድኃኒቱን አይሲአይ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያገኘው በሙያው የእንስሳት ሐኪም የሆነው ጆን ግሌን ከባልደረቦቹ ጋር ነው። በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1977፣ አሁን የምናውቀው ቅባታማው ዓይነት ገበያ ላይ የዋለው በ1986 ነው። ሰው ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎም ያነቃል። በየገጠሩ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ያገለገለን ኬታሚን እንዲህ አያቃጥልም፤ ግን አንዳንዱን ሰው ሲነቃ ያቃዠዋል፣ እዚያ ደግሞ ፕሮፖፎል ይሻላል። ምንም ነገር ሳይደረግ ፕሮፖፎል ከተሰጣቸው 10 ሰዎች ስድስቱ ያህል ያማቸዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፒካርና ትራመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የወጡ 56 ጥናቶችን፣ በድምሩ 6,264 ሰዎችን ሰብስበው መረመሩ። መልሳቸው ግልጽ ነበር። ክንድ ላይ የጎማ ማሰሪያ እሰሩ፤ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን በዚያው ካኑላ ስጡ፤ ከ30 እስከ 120 ሰከንድ ጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፍቱና ፕሮፖፎሉን ስጡ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ሊዶኬይን ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ያው ማደንዘዣ ነው፤ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ከተደረገላቸው 10 ሰዎች ስድስት ያህሉ ከሕመሙ ይድናሉ።

ማሰሪያው ምን ይሠራል? ነአኩቶ ለአብ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ጠበል ታች ባሉት የተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል። ድንጋዩ ባይኖር ፈስሶ ይቀር ነበር። ማሰሪያውም ሊዶኬይኑ ወደ ልብ እንዳይነጉድ፣ እዚያው የእጅ ደም ስር ውስጥ ቆይቶ ግድግዳውን እንዲያደነዝዝ ያቁረዋል።

ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው አይደል? የሚቀረው ሕፃናትን ማጥናት፣ አዲስ ዘዴ ሲመጣም ከዚህ ከታወቀው ጋር ማወዳደር ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ትራመር ራሱ ያለበት ቡድን ተመልሶ ሲቆጥር 136 አዳዲስ ጥናቶች አገኘ፤ 19,778 ሰዎች የተሳተፉባቸው። ቡድኑ ለሕክምና የሚረባ ብሎ የፈረጃቸው 36 በመቶውን ብቻ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ አብዛኞቹ የ2000ውን ግምገማ በማጣቀሻቸው ውስጥ ጠቅሰውታል። አይተውታል፣ ግን አልሰሙትም።

«ምን አለበት፣ እውቀት ሲደጋገም ይጠነክር የለ?» ትሉ ይሆናል። እኔ አልስማማም። ፕላሴቦ ቡድን ውስጥ የተመደበውን ሰው አስቡት፤ የሚሰጠው የጨው ውኃ ነው። የሚያድነው ነገር በሚታወቅበት ዘመን፣ ያማል ወይ የሚለውን ለማየት ሲባል ብቻ ይቃጠላል። ይሄ ሳይንስ ሳይሆን የሳይንስ ልማድ ነው። ለምን እንደሚደረግም አይጠፋኝም። ርካሽ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፣ ለመመረቂያ ይመቻል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ሊዶኬይንን ከትራማዶል ወይም ከኬታሚን ጋር ያወዳደሩ አሉ፤ ሊዶኬይኑን ስላካተቱ ቢያንስ ከፕላሴቦ ብቻው ይሻላሉ።

የባሰም አለ። ዮሺታካ ፉጂ የተባለው ጃፓናዊ የማደንዘዣ ሐኪም በዚሁ ሕመም ላይ በርካታ ጽሑፎች አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሩ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ሥራዎቹን ሲመረምር 172ቱ ውስጥ የፈጠራ መረጃ አገኘ፤ 126ቱ ጭራሽ ያልተሠሩ ጥናቶች ነበሩ። ጥናት በበዛበት ሜዳ ውሸትም ተመሳስሎ ይገባል።

በ2011 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣው ሌላ ግምገማ ደግሞ 177 ጥናቶችን አይቶ ከሁሉ ቀላሉን መልስ ከፊት አስቀመጠ፦ ካኑላውን ከእጅ ጀርባ ይልቅ ክርን መታጠፊያ ላይ ባለው ትልቅ ደም ስር ማስገባት። የሕመሙን ዕድል ወደ አንድ ሰባተኛ ያወርደዋል። እዚህ ላይ ግን ለባለሙያዎቹ ልከራከር። ክርን ሲታጠፍ ካኑላው ይታጠፋል፤ መድኃኒቱ ከደም ስር ውጭ ቢፈስም ቶሎ አይታይም። ስለዚህ «ለምን አያደርጉትም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ብሆንም በየሰዉ አላደርገውም። ሊዶኬይኑ ግን ማመካኛ የለውም።

እና ለእኛ አገር ተማሪ ምን ይቅረው? እኔ የምመኘውን አንድ ልንገራችሁ። ይሄ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከ0 እስከ 3 ባለ ሚዛን ነው። ተጠይቆ ብቻ «አዎ» ያለ 1 ይጻፍለታል። ፊቱን ያኮማተረ፣ እጁን የሳበ ወይም እንባው የመጣ 3 ያገኛል። አሁን «ቻል አድርገው»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ የላስታ ገበሬ አልጋው ላይ አለ። በነጭ ጋውን ፊት «ያማል» ማለት ነውር መስሎት ዝም ይላል። 0 ተጻፈለት። ሚዛኑ የለካው ሕመሙን ነው ወይስ አስተዳደጉን? በአማርኛ፣ በእኛ ሰው ላይ፣ ይሄ ሚዛን ምን ያህል እንደሚያመልጠው ማጥናት ለ137ኛ ጊዜ ሊዶኬይንን ከጨው ውኃ ጋር ከማወዳደር ስንት እጥፍ ይበልጣል።

እስከዚያው ግን፣ አንድ ቀን እናንተ ወይም እናታችሁ ያ አልጋ ላይ ብትሆኑ፣ ነጩ ሲሪንጅ ከመምጣቱ በፊት «ሊዶኬይን ይሰጠኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የልብ ምት ችግር ካለባችሁ ወይም የጥርስ ማደንዘዣ አስቆጥቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ እሱንም አብራችሁ ንገሯቸው።