አርሶ የሚቆም ብረት

መልሕቅ ሲባል በሁላችንም ዐይን የሚመጣው አንድ ሥዕል ነው። ከላይ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ሥር አግድም ብረት፣ መሐል ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከታች ደግሞ ግራና ቀኝ የተቆለመሙ ሁለት ክንዶች። በባሕር ኃይል መለዮ ላይ ይጠለፋል፣ በመርከበኛ ክንድ ላይ ይነቀሳል፣ በወደብ ከተማ በሆቴል በር ላይ ይሰቀላል። መልከ መልካም ስለሆነ ሥዕሉን ማንም ሊለውጠው አልፈለገም። ዛሬ ግን አምስት ስድስት ሜትር የምትረዝም የመዝናኛ ጀልባ የገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ መልሕቅ ቢጠይቅ፣ የሚያወጡለት ከዚህ ሥዕል ጋር ዝምድና የሌለው፣ ጎበጥ ያለ፣ ዐይን የማይስብ ብረት ነው። እኔ የማደንቀው ይህን መልከ ጥፉውን ነው።

የድሮውን ማናናቅ ግን ግፍ ይሆናል። ያ አግድም ብረት ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ከታችኞቹ ክንዶች ጋር መስቀለኛ ሆኖ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፦ መልሕቁ ከውኃው ሥር ወለሉ ላይ በየትኛውም ጎን ቢወድቅ፣ ሰንሰለቱ ሲጎተት አግድሙ በጫፉ ሊቆም ስለማይችል ይጋደማል፤ እሱ ሲጋደም ከክንዶቹ አንዱ የግድ ወደ ታች ይዞራል። ብልሃቱም የትናንት አይደለም። ሮም አጠገብ ባለው የኔሚ ሐይቅ ውስጥ የሰጠሙት የንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ሁለት ግዙፍ መርከቦች፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሐይቁ ውኃ በፓምፕ ተስቦ ሲገለጡ፣ አብሯቸው አግድሙ የሚነቀል የብረት መልሕቅ ተገኘ። ተነቃዩ አግድም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው ሲባል ነበር የኖረው። መርከቦቹ በ1944 በጦርነቱ መሐል ተቃጠሉ፤ የአግድሙ ዕድሜ ጥያቄ ግን ያኔ መልስ አግኝቶ ነበር።

የዚህ መልሕቅ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ክንድ ተቀብሮ ሲሠራ ሌላው ወደ ላይ ተገትሮ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ ነፋስ ሲለዋወጥና ጀልባዋ ስትዞር ገመዱ በዚያ በተገተረው ክንድ ላይ ይጠመጠምና የተቀበረውን ነቅሎ ያወጣዋል። ከተሸከሙት ሁለት ክንዶች አንዱ ለምንም አይውልም ማለት ነው። መርከብ ይህን ክብደት ይችለዋል፤ ትንሽ ጀልባ ግን አትችለውም።

መላውን የዘየደው ሰው ጀልባ ሠሪ አልነበረም፣ ብረት ቀጥቃጭም አልነበረም። ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር የካምብሪጅ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ዕድሜውን የፈጀው አየርና ውኃ ሲናወጡ ምን ዓይነት ሕግ እንደሚከተሉ በማጥናት ነው። ታይታኒክ በሰጠመች በዓመቱ፣ በ1913፣ ተንሳፋፊ በረዶ እንድትከታተል በተላከችው መርከብ በ«ስኮሺያ» ላይ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሆኖ ተጉዟል። በ1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ሲፈተን ቆመው ካዩት አንዱ ነው፤ ኋላም ከፍንዳታው ፎቶግራፎች ተነሥቶ የቦምቡን ጉልበት አስልቶ አሳትሟል። ይህን ሁሉ የሠራው ሰው ዕረፍት ሲያገኝ የሚሄደው ወደ ጀልባው ነበር። በ1927 «ፍሮሊክ» በተባለችው የሸራ ጀልባው ከባለቤቱ ጋር እስከ ኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ድረስ ዘልቋል። በ1933 አዲስ መልሕቅ ነድፎ አወጣ፤ ከሁለት ወዳጆቹ ጋርም ማምረቻ ኩባንያ አቋቋመ።

መነሻው በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ነበር መባሉ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ነፋስ እንዳይወስደው መልሕቅ ያስፈልገዋል፤ ሲበር ግን ከባድ ብረት ተሸክሞ መነሣት አይችልም። ስለዚህ «ከበድ ያለ እንሥራለት» የሚለው የተለመደ መልስ ገና ከጅምሩ ተዘጋ። ቅርጽ ብቻ ቀረ።

የቴይለርን መልሕቅ እንግሊዞቹ ማረሻ ይሉታል፤ ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ መግለጫ አይገኝም። የሚጎተተው ረጅም ዘንግ ሞፈሩ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሹል ብረት ማረሻው ነው። ልዩነቱ ግን መመሳሰሉን ያህል ያስተምራል። ገበሬ ማረሻው እንዲጠልቅለት እርፉን በእጁ ይጫናል፤ በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡ፣ ወደ ታች የሚያወርደው የሰው ክንድ ነው። ከውኃው ሥር እርፍ የሚይዝ የለም። መልሕቁ መሳቡን ራሱ ወደ መጥለቅ መለወጥ አለበት፤ የቴይለር ሥራ በሙሉ ይህችው ናት። ገበሬው ደግሞ ማረሻው እየሄደ እንዲያርስለት ይፈልጋል፤ ይኼኛው አንድ ክንድ ያህል አርሶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የተሠራው።

እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መልሕቁ ወለሉ ላይ ሲደርስ በጎኑ ይጋደማል። በጎኑ ሲተኛ አሸዋውን የሚነካው የማረሻው ሹል ጫፍ ነው። ሰንሰለቱ በዝግታ ሲወጠር ጫፉ ይነክሳል። የማረሻው ፊት ዘቅዘቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ በተሳበ ቁጥር አሸዋው ጀርባውን ይጫነዋል፤ በተጫነው ቁጥር ይሰምጣል፤ እየሰመጠም ከጎኑ ይነሣና ቀጥ ይላል። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆኑ አሸዋውን ሁለት ቦታ እኩል ይከፍላል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ወገን አይሸሽም። መጨረሻ ላይ ከላይ የሚታየው የሞፈሩ ጫፍ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም እሱ አይታይም። ወደ ላይ ተገትሮ ገመድ የሚጠልፍ ክንድ የለም።

ማጠፊያው ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሞፈሩና ማረሻው የተገናኙት በወፍራም ችንካር ነው፤ ሞፈሩ ግራና ቀኝ መዞር ይችላል። ጀልባዋ በነፋስ ስትወዛወዝ ሞፈሩ አብሯት ይዞራል፣ ማረሻው ግን ከተቀበረበት ንቅንቅ አይልም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራውን በባዶ እጅ ይዘው ሲያወዛውዙት ማጠፊያው ይዞራል እንጂ አይንገዳገድም። ሞፈሩም በጋለ ብረት ላይ መዶሻ ወርዶበት የተቀጠቀጠ ነው፤ በቅርጽ መያዣ ከፈሰሰ ብረት ይልቅ መታጠፍን ይችላል። አሮጌ ሲሆን ማጠፊያው መላላቱ አይቀርም፤ ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መነቅነቅ ያለበት እዚህ ጋ ነው። የተለበጠበት ዚንክ ከጫፉ ተልጦ ብረቱ እንደ ተወለወለ ካበራ አይከፋም፤ አሸዋ ያወለወለው ነው፣ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

ከቴይለር በኋላ የመጡትን ባጭሩ ልለፋቸው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ምላሶች ያሉት፣ ሲታጠፍ እንደ ሰሌዳ የሚተኛ መልሕቅ ሠራ። ወታደር የሚያራግፉ ጀልባዎች ወደ ጠረፉ ሲቃረቡ ከኋላቸው ይጥሉታል፤ ካራገፉ በኋላ ገመዱን እየሳቡ ራሳቸውን ከአሸዋው ያላቅቁበታል። ለአሸዋና ለጭቃ ከክብደቱ በላይ የሚሠራ ነው፤ ሣር ላይና ድንጋይ ላይ ግን አይታመንም፤ በምላሶቹ መሐል ጠጠር ከተሰነቀረበትም ተመልሶ አይነክስም። ከዚያ ጀርመናዊው ሮልፍ ካዚሬክ በመልሕቁ ጀርባ ላይ ቀስት የመሰለ ቱቦ በየደ፤ መልሕቁ በጀርባው ወድቆ እንዳይቀር ያ ቀስት ያንከባልለዋል። ፈረንሳዊው አላን ፑዋሮ ምላሱን እንደ አካፋ አጎድጉዶ ጫፉ ውስጥ እርሳስ ሞላበት። ኒውዚላንዳዊው ፒተር ስሚዝ በ2000ዎቹ ቀስቱንና ጎድጓዳውን ምላስ አንድ ላይ አገናኛቸው። የቴይለር ማረሻ አሸዋውን ከፍሎ ያሳልፋል፣ እነዚህ ግን አፍሰው ይይዙታል። ዕውነቱን ለመናገር ይበልጡታል፤ ለጀልባዬ ግዛ ብባል የምገዛው ከእነዚህ አንዱን ነው። ግድግዳ ላይ ስቀል ብባል ግን የቴይለርን እሰቅላለሁ።

የቱም ቢሆን ታዲያ፣ የሚሠራው ወደ ጎን ሲጎተት ብቻ ነው። ወደ ላይ ከተጎተተ ራሱ ይነቀላል፤ ስንሰበስበውም የምናደርገው ይህንኑ ነው፣ ጀልባዋን ከአናቱ አምጥቶ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥልቀቱ 4 ሜትር ነው ብሎ 6 ሜትር ገመድ ይለቅና መልሕቁን ይረግማል።

ሒሳቡ ያምራል። ውኃው 4 ሜትር ቢጠልቅና የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ የሚቆጠረው 5 ሜትር ነው። የዚህን 3 እጥፍ፣ 15 ሜትር፣ ብንለቅ የተወጠረው ገመድ ከወለሉ ጋር 19 ዲግሪ ተኩል ያህል ማዕዘን ይሠራል። 5 እጥፍ ብንለቅ ወደ 11 ተኩል፣ 7 እጥፍ ብንለቅ ወደ 8 ይወርዳል። 10 እጥፍ፣ ማለትም 50 ሜትር፣ ብንለቅ ገና ወደ 6 ቢወርድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙ ይሰጣሉ፣ የኋለኞቹ ጥቂት፤ ለዚህ ነው ገመድ የሚጠቀሙ ባሕረኞች ለመደበኛው ቀን 7 እጥፍ ላይ የረጉት። ውኃው የሚሞላና የሚጎድልበት ባሕር ላይ ደግሞ የሚቆጠረው የሙላቱ ሰዓት ጥልቀት ነው። ብሪታንያ ውስጥ በብሪስቶል ሰርጥ ሙላቱ በሚበረታባቸው ቀናት ውኃው በስድስት ሰዓት ከ12 ሜትር በላይ ሊነሣ ይችላል፤ እዚያ ምሳ ሰዓት ላይ በቂ የነበረ ገመድ ሲመሽ መቀለጃ ይሆናል።

ከመልሕቁ ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት፣ ከዚያ የናይለን ገመድ ይመጣል። ሰንሰለቱ በክብደቱ ወለሉ ላይ ተኝቶ መሳቡን ዝቅ ያደርጋል፤ ድንጋይና የዛጎል ስለትም እሱን አይቆርጡትም። ነፋስ ሲበረታ ግን ይወጠርና ክብደቱ ትርጉም ያጣል፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነውና። ያኔ ተራው የናይለኑ ነው፣ እየተለጠጠ ማዕበል የሚያመጣውን ድንገተኛ ምንጭቅታ ይውጣል። አንዱ ሲደክም ሌላው የሚረከብበት ቅብብሎሽ ነው። ርካሹ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ገመድ ይህን አያደርግም፤ ውኃ ላይ ተዘርግቶም የሞተር ምላጭ ይጠብቃል።

ጥሩ እጅ የሚለየው በመጋጠሚያዎቹ ነው። ሰንሰለቱን ከመልሕቁ የሚያያይዘው ዩ ቅርጽ ያለው ብረት በሚጠመዘዝ ችንካር ይዘጋል። ችንካሩ ሌት ተቀን ስለሚንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል። ስለዚህ በችንካሩ ራስ ላይ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ይገባና በብረቱ ወገብ ዞሮ ይጠመዘዛል። የሽቦው ጫፎች ወደ ውስጥ ታጥፈው ከተደበቁ ይህን የሠራ ሰው በጨለማ ሰንሰለት የሚስብን እጅ አስቧል ማለት ነው። የገመዱም ጫፍ ጠብታ በመሰለ የብረት ሽፋን ዙሪያ ይታጠፍና ሦስቱ ክሮቹ ተፈትተው በራሱ በገመዱ አካል ውስጥ ይጎነጎናሉ፣ በአንዱ ላይ አልፎ ከቀጣዩ ሥር እየገቡ። ናይለን ስለሚያሟልጭ ከአምስት ዙር ባላነሰ ይደገማል። ቋጠሮ የገመድን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ጉንጉኑ የሚያጎድለው በጣም ትንሽ ነው። ባለሙያው በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከየክሩ ግማሹን እየቆረጠ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ጉንጉኑ በድንገት አያልቅም፣ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በጣት ሲዳሰስ የቱ ጋ እንዳበቃ አይታወቅም።

አጣጣሉም የዚሁ ሙያ አካል ነው፤ «መጣል» እንላለን እንጂ መልሕቅ አይወረወርም። ጀልባዋን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙሮ በዝግታ መጠጋት፤ ስትቆም ከአፍንጫዋ በኩል መልሕቁን ዝቅ ማድረግ፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ሲወስዳት ገመዱን ተከትሎ መልቀቅ። ባንዴ የተዘረገፈ ሰንሰለት በመልሕቁ ላይ ተከምሮ ይተበትበዋል። ሲያበቃ ገመዱን አስሮ ሞተሩን ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ያኔ መዳፍን የተወጠረው ገመድ ላይ ማሳረፍ ብዙ ይናገራል፦ መልሕቁ እየተንሸራተተ ከሆነ ገመዱ ይርገበገባል፣ ከያዘ ግን እንደ በትር ደርቆ ይቆማል። ዐይንም የራሱ ምስክር አለው፤ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከበስተኋላው አንድ ቤት በአንድ መስመር አስተካክሎ ማየት፣ መስመሩ ካልተለያየ ጀልባዋ ቆማለች።

ትንሽ ጀልባን ከኋላ በኩል ብቻ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም። የትንሽ ጀልባ ኋላዋ ዝቅ ያለ ነው፣ የሞተሩም ክብደት እዚያው ነው፤ ገመዱ ከዚያ ሲይዛት ማዕበሉ ተንሸራቶ ከማለፍ ይልቅ ዘሎ ይገባና ልትገለበጥ ትችላለች። አንድ የመጨረሻ ነገር ደግሞ አለ፤ ስንቱ ጥሩ መልሕቅ ከነሰንሰለቱና ከነገመዱ ውኃ ውስጥ የቀረው በዚህ ነው፦ ከመጣልዎ በፊት የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ከጀልባዎ ጋር መታሰሩን ይዩ።