ዋዛው ምን ይልበስ?

የበርታን ዋዛ ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ስሙን ሲያይ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም። ከቅል ቁርጥራጭ እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። አሥርና ከዚያ በላይ ነፊዎች ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ድርሻውን ጣል እያደረገ፣ ዜማውን በጋራ ይፈትሉታል። አንዱ ነፊ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። ምቱንም ቢሆን ከሌላ አይበደሩም፤ ትከሻቸው ላይ ያሳረፉትን እንጨት በቀንድ እየመቱ ራሳቸው ይይዙታል። የቀርከሃ ዋሽንት ነፊዎቹም ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ልብስ ለመጻፍ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ መከበር የያዘው፣ በ2007 ዓ.ም. ዘጠነኛው በአሶሳ የተከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ያስለመደን አንድ ነገር አለ፤ መድረኩ ለእያንዳንዱ ሕዝብ መለያ ልብስ ይጠይቃል። ከሩቅ የሚታይ፣ ለካሜራ የሚመች፣ ከጎረቤት የማይምታታ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ታዲያ በርታው ምን ይልበስ? ወንዱ ጀለቢያና ጥምጥም፣ ሴቷ ደማቅ ቶብ ይለብሳሉ። ከሱዳን ጋር የቆየ ንግድና የእስልምና ሃይማኖት ያመጡት፣ ከትውልድ ትውልድ የወረዱት ልብስ ነው። ለመድረክ አዘጋጁ ግን «ይህማ የዓረብ ነው፤ ባህላዊው የታለ?» ይሆንበታል። እናም ከላይ ጨሌ፣ ከታች የነብር ቆዳ መልክ የታተመበት ጨርቅ ይመጣል። ይኸው አንድ ጣቃ ጨርቅ ነገ ለጉሙዙ፣ ከነገ ወዲያ ለኮሞው ሲቆረጥ በአዲስ አበባ መድረኮችም በሙዚቃ ቪዲዮዎችም ደጋግሜ አይቻለሁ። ለመለየት የተሰፋ ልብስ ጭራሽ አንድ አድርጎ አረፈው! የሚገርመው የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ አገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ ሸጎሌ እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ባላባት ከሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው።

«የስኮትላንድ ባግፓይፕ ነፊዎችስ በየጎሣቸው ታርታን ይለያዩ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ታርታን የሚሉት በተለያየ ቀለም መስመር የተቋላለፈው የሱፍ ጨርቅ ነው። የታሪኩ መንገድ ግን ከሚታሰበው ጠመዝማዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣ ሕግ የደጋውን ስኮትላንዳዊ ይህን ልብስ ከለከለው፤ ክልከላው እስከ 1782 ጸና። ከክልከላው ነጻ የነበረው በእንግሊዝ ንጉሥ ስም የሚዘምተው ወታደር ነው። የመስመሮቹን ልዩነት መለያ ካደረጉት ዋነኞቹም ክፍለ ጦሮቹ ናቸው። ብላክ ዎች የተባለው ጦር ጠቆር ያለ ሰማያዊና አረንጓዴ ለበሰ፤ ጎርደን በዚያው ላይ ቢጫ መስመር ጣለበት፤ ሲፎርዝ ነጭና ቀይ ጨመረበት። የብላክ ዎች ባግፓይፕ ነፊዎች ደግሞ ከገዛ ጓዶቻቸው ተለይተው ሮያል ስቱዋርት የሚባለውን ቀዩን ታርታን ለበሱ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንበራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት የበዓሉ አዘጋጅ ሆኖ ባላባቱን ታርታን አስለበሰው። ከዚያ ወዲያ ገበያው ደራ። ባኖክበርን ከተማ የነበሩት የዊልሰን ሸማኔዎች በቁጥር ይሸጡት የነበረው ጨርቅ ሁሉ የጎሣ ስም እየወጣለት ይሸጥ ጀመር። በ1842 ሁለት ወንድማማቾች ከጥንታዊ ብራና የተቀዳ ነው ብለው ያሳተሙት የታርታን መጽሐፍ ኋላ የፈጠራ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ስኮትላንድ ውስጥ በሕግ የተቋቋመ የታርታን መዝገብ አለ።

እንግዲህ የኛም መድረክ ልብስ ቢፈጥር ምን አለበት? ፈጠራው አልነበረም ቅር ያሰኘኝ። ስኮትላንዳውያን ጨርቁን ሲፈጥሩ ባግፓይፑን አልነኩትም። ግላስጎ በሚካሄደው የዓለም የባግፓይፕ ቡድኖች ውድድር ሁለት ዳኞች ነፊዎቹን፣ አንዱ ከበሮውን፣ አንዱ ጠቅላላ ቅንጅቱን ይሰማሉ። ታርታኑ የማን ጎሣ እንደሆነ ነጥብ አያሰጥም። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። ልብሱ ከተሰፋ፣ ጨሌው ከተሰካ በኋላ ለአሥራ ሁለት ነፊ ቦታም አበልም አይተርፍም፤ ሦስት ይበቃሉ ይባላል። ሦስት ዋዛ ደግሞ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። የጎደለውን ዜማ ኪቦርዱ ይሞላዋል፤ ዋዛዎቹ እንደ ባንዲራ ዘንግ ተይዘው ይታያሉ። የበርታን ሕዝብ ከጎረቤቱ የሚለየው ነገር ጆሮ ላይ ሳለ ዓይን ላይ ፈለግነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከኪነት በላይ ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ልብሱም ከዚህ ዝርዝር ጋር አምስት ሆኖ ይሰፋል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ከክልሉ ነዋሪ ሩብ ያህሉ በርታ ሲሆን አማራው ከጉሙዙ በጥቂት ከፍ ብሎ ሁለተኛ መሆኑን፣ ኦሮሞውም ከአሥር ከአንድ እጅ በላይ መሆኑን ያሳያል። መለያ ልብስ እንደ ርስት ደብተር ሲቆጠር ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ ዙሪያ የሠፈረ ገበሬ የልጅ ልጅ አድርሷል። ያ ልጅ ዋዛ ሲነፋ እየሰማ ያደገ ይሆናል፤ አንዱን ቅል አንሥቶ ድርሻውን መንፋትም ይችል ይሆናል። በኅዳር 29 ሰልፍ ላይ ምን ለብሶ እንደሚቆም ግን የወሰነለት የለም።