ፈተናው ከመጻፉ በፊት

ተመራማሪዋ ጆ ቦለር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። ሒሳብን በፕሮጀክት የተማሩ ልጆችና በመማሪያ መጽሐፍ የተማሩ ልጆች በመጨረሻ ምን ምን ይችላሉ? ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ ወጣ። አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ውጤቱን ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ዕቅዱ ራሱ የሚጠና ሥራ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ትምህርት ቤቶቹ እንዳይታወቁ አምበር ሂልና ፊኒክስ ፓርክ የሚል ተለዋጭ ስም ተሰጣቸው። የሁለቱም ተማሪዎች በብዛት የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በጥናቱ የታቀፉት 300 ያህል ሲሆኑ፣ ሲጀመር ዕድሜያቸው 13፣ ሲያልቅ 16 ነበር። እስከ 13 ዓመታቸው ድረስ በሁለቱም ቦታ ሒሳብ የተማሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመልመጃ ቡክሌቱን በራሱ ፍጥነት ይሠራ ነበር። የመነሻ ፈተና ሲሰጣቸውም ጉልህ ልዩነት አልታየም። መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አምበር ሂል ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ፊኒክስ ፓርክ ወደ ፕሮጀክት ዞሩ። ተመራማሪዋ የገቡት በዚህ መለያያ ላይ ነው። ኑሮው፣ ያለፈው ትምህርትና መነሻ ውጤቱ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በ16 ዓመታቸው ለሚታየው ልዩነት ምክንያት ተብሎ የሚጠረጠረው ነገር ጥቂት ነው።

ንጽጽሩ ፍጹም ግጥም ያለ ግን አይደለም። አምበር ሂል ተማሪዎቹን በችሎታ ለይቶ ያስተምር ነበር፤ ፊኒክስ ፓርክ ቀላቅሎ። ይህ ሁለተኛ ልዩነት ከመጀመሪያው ጋር ተጣብቆ የመጣ ነው። በሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ሊላቀቅ አይችልም። ዕቅዱን የሚያነብ ሰው ጣቱን እዚህ ላይ ማሳረፍ አለበት።

ፕሮጀክት ሲባል ምን እንደነበረም በትክክል ተመዝግቧል። «የአንድ ቅርጽ ይዘት 216 ነው፤ ቅርጹ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚለው አንዱ ነው። ጎኑ 6 የሆነ ኪዩብ ይሆናል፤ 4 በ6 በ9 የሆነ ሣጥንም ይሆናል፤ ሲሊንደርም ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በሆኑ 36 የአጥር ክፍሎች ከሁሉ የሚሰፋውን ቦታ ማጠር ነው። አንድ ፕሮጀክት ሳምንታት ይወስዳል። ትሪጎኖሜትሪም ሆነ ሌላ ስልት የሚሰጠው ልጁ ሥራው ላይ ሲደርስና ሲቸግረው ነው።

ቀጥሎ የምልከታው ሥራ። ቦለር በየትምህርት ቤቱ ወደ 100 የሚጠጉ ክፍለ ጊዜያት ተቀምጠው ተከታተሉ። በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ፣ አጋማሽና መጨረሻ አካባቢ ስንት ልጅ ሥራ ላይ እንዳለ ቆጠሩ። አምበር ሂል ሁሉም ማለት ይቻላል አቀርቅሮ ይሠራል። ፊኒክስ ፓርክ ቁጥሩ በግልጽ ያንሳል። ጥናቱ እዚህ ቢቆም ኖሮ ፍርዱ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ለዚህ ነው አንድ መለኪያ የማይበቃው።

ከምልከታው ሌላ ልጆቹ የሠሩት የቤት ፕላን ተግባር ደግሞ ከሁሉም በላይ የታሰበበት ክፍል ነው። ለልጆቹ የአንድ ቤት ፕላንና ትንሽ ሞዴል ተሰጣቸው። ሁለት የማዘጋጃ ቤት ደንቦችም ቀረቡላቸው። የጣሪያው ይዘት ከቤቱ ዋና አካል ይዘት 70 በመቶ እንዳይበልጥ፤ የጣሪያው ማዕዘን ከ70 ዲግሪ እንዳያንስ። ቤቱ ደንቡን ያሟላል ወይስ አያሟላም? ለማዕዘኑ ፕላኑን በዓይን ማየት ይበቃል። በአምበር ሂል ከፍተኛው ክፍል ያሉት ብዙዎቹ ግን ትሪጎኖሜትሪ ለመሥራት ሞክረው ተሳሳቱ። ስልቱን ያውቁታል። መቼ እንደሚያስፈልግ የነገራቸው ግን የለም። ተግባሩ የተቀረጸው ይህንኑ ለማሳየት ነው፤ ስልቱን ስም ጠርቶ ቢያዝ ኖሮ ልዩነቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

በመጨረሻ በ16 ዓመት የሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና መጣ። ከፍተኛውን ውጤት ያገኙት በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ ነበሩ። ቢያንስ የማለፊያ ደረጃ ያገኙት ግን በፊኒክስ ፓርክ 88 በመቶ፣ በአምበር ሂል 71 በመቶ ሆኑ። ቦለር በድምሩ አልረኩም። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ለሁለት ከፈሏቸው፤ የታወቀ ስልት መድገም የሚበቃቸውን በአንድ በኩል፣ ማሰብና ማዛመድ የሚጠይቁትን በሌላ በኩል። የአምበር ሂል ልጆች ከመጀመሪያው ዓይነት ያገኙት ከሁለተኛው እጥፍ ያህል ነበር። የፊኒክስ ፓርክ ልጆች ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን ሠሩ።

በአገራችንም መምህራን የተግባር ምርምር ይሠራሉ። ሦስት ዓመትም ሁለት ትምህርት ቤትም የላቸውም፤ አንድ ሴሚስተርና አንድ የተጨናነቀ ክፍል ነው ያላቸው። የቦለር ዕቅድ ሲጠብም ቅርጹን አያጣም። የመነሻ ፈተናው ከመጀመሪያው ፕሮጀክት በፊት ይሰጥ። ስልቱ ያልተጠቆመበት አንድ ተግባር ይጨመር። ውጤቱ በድምር ሳይሆን በጥያቄ ይመዝገብ። ከ20 ጥያቄ 12 ያገኙ ሁለት ልጆች በድምር እኩል ናቸው፤ አንዱ የሳተው ቀመር ተሰጥቶ «አስላ» የተባለበትን፣ ሌላው ቀመሩን ራሱ መምረጥ የነበረበትን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሠንጠረዥ መሰመር ያለበት ወረቀቱ ከታረመ በኋላ ሳይሆን ጥያቄዎቹ ሲወጡ ነው።