ባልንጀራ ያለው ዳገት

በሌላው ዓለም ተራራ መውደድ ዕቃ ይጠይቃል፤ የተራራ ብስክሌት፣ ስኪ፣ ሳይቀልጥ የሚጠብቅ በረዶ። በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በመወዳደር የመጀመሪያ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ ስኪ የለመደው አሜሪካ ነው። ከአርቦዬ እስከ በቆጂ ባለው የአርሲ ምድር ግን ዳገት ለመውጣት ጫማና ባልንጀራ ይበቃሉ (ጫማውም የሚቀርበት ጊዜ አለ)። የማደንቀው ይህንን የጋራ ሩጫ ነው፤ በባሕር ዛፉ መሀል በመደዳ እየተጠማዘዙ፣ በየተራ እየመሩ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ተረከዝ እያየ የሚሮጡትን።

የአካባቢው ሯጮች የድል ምስጢር ከፍታው ነው የሚሉ አሉ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስስ አየርም ቀይ የደም ሴልን እንደሚያበዛ አይካድም። ነገር ግን የቦሊቪያዋ ላፓዝ ከዚያ በእጅጉ ትልቃለች፤ ሆኖም ደራርቱን በ1984 ለባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባን በ1988 ለአትላንታ፣ ጥሩነሽን በ2000 ለቤጂንግ ወርቅ ያበቃ አካባቢ የላትም። አየር ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ በውርጭ ማለዳ ከብርድ ልብስ የሚያስወጣው በር ላይ የሚጠብቅ ጓደኛ ነው። ሜዳሊያው የሚጠለቀው በአንድ አንገት አይደለም ወይ? ነው። ያ አንገት ግን በልምምድ ዘመኑ የስንቱን ጀርባ ተከትሏል! በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የምታልፉ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ተነሡና መንገድ ዳር ቁሙ።