ምስጋና ለአካዳማ

በሳህን የሚያድገውን ድንክ ዛፍ፣ ቦንሳይን፣ ያየ ሰው ዓይኑ ቅርንጫፉ ላይ ያርፋል። የእኔ አድናቆት ግን ከሥሩ ላለው አፈር፣ ከሁሉም በላይ ለአካዳማ ነው። ጃፓኖች ከካንቶ ምድር ቆፍረው የሚያወጡት፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ቡናማ ሸክላማ ጠጠር ነው።

የቦንሳይ ሳህን ጥልቀት የለውም። በማንኛውም የተክል ማሳደጊያ ግርጌ ውኃ ሳይወርድ የሚቀርበት ንብርብር አለ፤ ውፍረቱን የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት መጠን እንጂ የሳህኑ ጥልቀት አይደለም። ስለዚህ ደቃቅ የጓሮ አፈር ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ ከገባ ይህ ንብርብር የሳህኑን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ ውኃው አየሩን ያስወጣል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ባለሙያው አፈሩን በወንፊት ነፍቶ ዱቄቱን የሚጥለው፣ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚሆነውን የሚያስቀረው ለዚህ ነው። ይህን ትዕግሥት ከልቤ አከብራለሁ።

የአፈሩ ምርጫ በዛፉ ዓይነት ይወሰናል። ለጥድ ብዙዎች አካዳማን እንዲሁም ፑሚስና ስኮሪያ የተባሉትን የእሳተ ገሞራ ጠጠሮች በእኩል ይቀላቅላሉ። አሲዳማ አፈር ለሚወደው፣ ሳትሱኪ አዛሊያ ለተባለው ባለአበባ ቁጥቋጦ ደግሞ ካኑማ የተባለው ቢጫ አፈር ይመረጣል። አካዳማ ግን ይለያል፤ ቀጫጭን ሥሮች ውስጡ ዘልቀው ይገባሉ፣ ሲደርቅም ቀለሙ ስለሚፈዝ ውኃ የማጠጫውን ሰዓት ይጠቁማል። ውሎ አድሮ ይፈርሳል የሚለው ወቀሳ እውነት ነው፤ ይሁንና ዛፉ ወትሮም በየጥቂት ዓመቱ አፈር ይቀየርለታል።

አገር ቤት ሆናችሁ ቦንሳይ ለመጀመር የምታስቡ፣ አካዳማ ባታገኙ ተስፋ አትቁረጡ። ፑሚስና ስኮሪያ በስምጥ ሸለቆአችን ሞልተዋል፤ ነፍታችሁ፣ አጥባችሁ ሞክሯቸው።